ስለ ዋጋ መወደድና ስለ ቤተ ሰብ ወጪ፤ በሸጎሌ የሚታየውና ከወረዳ የሚነሣው

የእህልና የሸቀጥ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ነገሩ የከተማ ሰው ጭንቀት ብቻ መስሎ ይታያል። ወረዳ የሚያስተዳድር ሰው ግን ጉዳዩን እስከ ምንጩ ድረስ ቢከተለው የራሱ ሥራ ሆኖ ያገኘዋል። በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፥ ሸጎሌ በሚባለው ሠፈር የሚኖር ቤተ ሰብ በመሶቡ የሚያኖረው እንጀራ ጤፉ ከታጨደበት ማሳ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ድረስ በብዙ መንገድ፥ በብዙ ኬላና በብዙ ነጋዴ እጅ አልፎ የሚመጣ ነው። በያንዳንዱ ስፍራ የሚጨመረውን ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍለው ያ ቤት ነው። ስለዚህ የየዞኑና የየወረዳው አስተዳዳሪዎች፥ የመሬት ባለ ይዞታዎች፥ በከተማም ቤት የምታከራዩ ሁሉ፥ የዋጋ መወደድ ከምን እንደሚመጣና ባንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ለሥራችሁ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ቀጥሎ በሚቻለን መጠን እንገልጸዋለን።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ዝናም ጠፍቶ ወይም ተምች ወርዶ ጤፍ ብቻ ቢወደድና ሌላው ዕቃ በነበረበት ዋጋ ቢቆም፥ ይህ የጤፍ መወደድ ነው፤ አዝመራው በተመለሰ ጊዜ ዋጋውም ይመለሳል። ነገር ግን ጤፉም፥ ዘይቱም፥ የቤት ኪራዩም፥ የልብስ ስፌቱም፥ የታክሲውም ሒሳብ ባንድነት ከዓመት ዓመት ሲወጣ፥ የተወደደው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ብሩ ራሱ ረክሷል ማለት ነው። በዛሬ ዘመን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን «የዋጋ ግሽበት» ይሉታል። አባቶቻችን ይህን ስም ባያውቁትም ነገሩን በአሞሌ ጨው ያውቁት ነበረ። አሞሌው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ አጠገብ ላንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ይሰጥ ነበረ፤ ነጋዴው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ግን ላንድ ብር የሚሰጠው አሞሌ እያነሰ ይሄድ ነበረ። ገንዘብም እንደ ሌላው ዕቃ በበዛበት ስፍራ ይረክሳል፥ ባነሰበት ይወደዳል። ዛሬ የወረቀትና በስልክ የሚንቀሳቀስ ብር ስላለን ይህ ሥርዐት የተሻረ ሊመስለን አይገባም።

የዋጋውን መውጣት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በየወሩ በየገበያው የብዙ ዕቃዎችን ዋጋ እየሰበሰበ፥ የአሁኑን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋራ አስተያይቶ በመቶኛ ያስታውቃል። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ይህ ቁጥር 64 በመቶ አልፎ ነበረ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ደግሞ 37 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ የምግቡም ለብቻው ሲታይ ከዚያ የበለጠ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየቀነሰ መጥቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሹማምንት የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «ግሽበቱ ቀነሰ» የሚል ቃል ሲሰሙ ዋጋው የወረደ ይመስላቸዋል፤ ሕዝቡም ሲያማርር ሲሰሙ ሐሰት ተናገረ ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አምና 100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ በ37 በመቶ ቢወደድ 137 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ ቢቀንስ ዋጋው ወደ 120 ብር አይመለስም፤ ከ137 ብር ላይ 20 በመቶ ተጨምሮ 164 ብር ከ40 ሳንቲም ይሆናል እንጂ። የቀነሰው የመውጣቱ ፍጥነት ነው፤ የወጣው ዋጋ ግን በወጣበት ይኖራል። ደመወዙ ባለበት የቆመ ሰው በዚህ ዓመት ከአምናው የባሰ ተቸግሬአለሁ ቢል እውነቱን ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ የመቶኛውን ቁጥር ብቻ አንሥቶ ሕዝቡን መገሠጽ ለሹሙም ክብር የማይበጅ ነው።

መወደዱ ከብዙ ምክንያት የተቀዳ ስለ ሆነ ባንዱ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። አንደኛው የገንዘብ መብዛት ነው። መንግሥት ወጪው ከገቢው በበለጠ ጊዜ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር፥ ባንኮችም ብድር ሲያበዙ፥ በገበያ የሚዞረው ብር ይጨምራል፤ እህሉና ዕቃው በዚያው መጠን ካልጨመረ ብዙው ብር ጥቂቱን ዕቃ ያሳድዳል። ስለዚህም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ሁለተኛው የውጭ ምንዛሬ ነው። ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ይመነዘር ነበረ፤ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ፤ ቀስ በቀስም እየወጣ ሄዶ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የምግብ ዘይት አብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ነዳጅና ማዳበሪያም እንዲሁ፤ ስለዚህ የዶላሩ መውጣት በጉለሌ ማድ ቤትና በጎጃም ማሳ ባንድ ጊዜ ይሰማል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የሩስያና የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በዓለም ገበያ አንዱ ቶን ከ900 ዶላር በላይ እስኪሸጥ ደርሶ ነበረ። በአገራችንም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት፥ አራሹን ከማሳው፥ ጭነቱንም ከመንገዱ አሰናክሏል። በቦረናና በሶማሌ አገር ለተከታታይ ወቅቶች ዝናም ቀርቶ ከብቱ አልቋል። ይህ ሁሉ ተደርቦ ነው በመሶቡ ላይ የሚታየው።

አሁን ወደ ሸጎሌ እንመለስ። ሸጎሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ ከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚወጣበት ወገን ያለ ሠፈር ነው። ከከተማው የቁም ከብት ገበያዎች አንዱ በዚያ ይገኛል፤ ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በአካባቢው ሲያልፉ ማየት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነው። የጉለሌ አገር በሸማኔዎቹም የታወቀ ነው። የቀን ሠራተኛው፥ ጉሊት ቸርቻሪዋ፥ ጥበቃው፥ ጡረተኛው፥ የመንግሥት ጸሐፊው ተቀላቅለው ይኖሩበታል።

በዚህ ሠፈር አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 10,000 ብር ገቢ አለው እንበል። ይህ ቁጥር ስሌቱን ለማሳየት የተወሰደ እንጂ ያንድ የታወቀ ቤት ሒሳብ አይደለም። ከዚህ ውስጥ 5,500 ብር ለምግብ፥ 2,500 ብር ለቤት ኪራይ፥ 800 ብር ለአውቶቡስና ለታክሲ፥ 600 ብር ለከሰል፥ ለመብራትና ለውሃ፥ 400 ብር ለልጆች ትምህርትና ልብስ፥ 200 ብር ለዕድርና ለልዩ ልዩ ይውላል። ምግብ በ40 በመቶ ቢወደድ 7,700 ብር ይጠይቃል፤ ኪራዩ በ20 በመቶ ቢጨምር 3,000 ብር ይሆናል፤ መጓጓዣው በሩብ ቢጨምር 1,000 ብር ይደርሳል። ሌላው ሳይለወጥ ቢቀር እንኳ ወጪው በጠቅላላ 12,900 ብር ነው። ደመወዙ በ10 በመቶ ተጨምሮ 11,000 ብር ቢሆን 1,900 ብር ይጎድላል።

ይህ 1,900 ብር ከየት ይገኛል? አከራዩ ጎዶሎ አይቀበልም። ወደ ሥራ የሚወስደው አውቶቡስም እንዲሁ። ዕድር ያቋረጠ ሰው በሞት ጊዜ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ የሚቀነሰው ከምግቡ ነው፤ ለምግብ የሚቀረው 5,800 ብር ብቻ ይሆናል። በአዲሱም ዋጋ 5,800 ብር የሚገዛው ቀድሞ በ4,143 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው፤ ይኸውም ከቀድሞው 5,500 ብር ምግብ ሦስት አራተኛው ማለት ነው። ባጭር ቃል፥ ከአራት እንጀራ አንዱ ጠፍቷል። ወር ገቢው 60,000 ብር የሆነ፥ ከዚያም ለምግብ 12,000 ብር የሚያወጣ ሌላ ቤት ቢኖር ግን ያው የ40 በመቶ መወደድ የሚጨምርበት 4,800 ብር፥ ማለት ከገቢው 8 በመቶ ብቻ ነው፤ ከመሶቡ ምንም ሳያጎድል ከሌላ ወጪ ይሸፍነዋል። የአገር አማካይ ተብሎ የሚነገረው መቶኛ እነዚህን ሁለት ቤቶች ባንድ ቁጥር ይደመራቸዋልና፥ ድኻው የሚሰማው መወደድ ከተነገረው ይበልጣል።

ጉድለቱ ባንድ ቀን አይታይም፤ በየደረጃው ይመጣል። በመጀመሪያ ማኛ ጤፍ ይቀርና ሠርገኛው ይገዛል፤ ቀጥሎ ጤፉ ከበቆሎ፥ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ዱቄት ይደባለቃል። ሥጋና ቅቤ ከፍስክ ቀን ወደ ዓመት በዓል ብቻ ይሸጋገራል። ወጡ ይቀጥናል፥ ሽንኩርቱ በቁጥር ይገዛል። ኩንታል ይሸምት የነበረ በ25 ኪሎ፥ እርሱም የነበረ በኪሎ፥ ከዚያም ዝቅ ያለው የተጋገረ እንጀራ በፍሬ መግዛት ይጀምራል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው፥ ድኻው በጥቂት በጥቂት ስለሚገዛ በኪሎ ሲታሰብ ከባለጸጋው አብልጦ መክፈሉ ነው። ባለጸጋው በጥር ወር ጤፍ በረከሰ ጊዜ ለዓመት የሚበቃውን ሸምቶ ያስቀምጣል፤ ድኻው ግን በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሁሉ በሚጎድልበት ጊዜ የዕለቱን ይገዛል። ከሁሉ በኋላ የሚቀረው የምሳው ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ የሚሰጠው ምገባ ለነዚህ ቤቶች ትልቅ ዕረፍት ሆኖላቸዋል፤ ልጁ በትምህርት ቤት የሚበላውን እናቱ ከሒሳቡ ታወጣዋለችና።

የሸማኔው ነገር ተለይቶ ሊታሰብ ይገባል። እህል በተወደደ ጊዜ እርሱ በሁለት ወገን ይመታል። ድርና ማጉ ስለሚወደድ የሥራው ወጪ ይጨምራል፤ ባንጻሩ ደግሞ ገዢው እህሉን ከገዛ በኋላ ለነጠላና ለጋቢ የሚተርፈው ገንዘብ ስለሚያንስ ገበያው ይቀዘቅዛል። ጋቢው ባለፈው ዓመት ዋጋ ቢሸጥ ድሩን አይመልስም፤ ዋጋው ቢጨመር ገዢ የለም። ስለዚህ ከዓመት በዓል እስከ ዓመት በዓል በብድር ይቆያል።

ዕቁብም ቢሆን ከዚህ ነገር አይድንም። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ እኩል እያዋጡ በዕጣ የሚወስዱበት ዕቁብ በብሩ ቁጥር ሲታይ ለሁሉ እኩል ነው። ዋጋው በየወሩ በ2 በመቶ የሚወጣ ከሆነ ግን በመጨረሻው ወር ዕጣ የደረሰው ሰው የሚቀበለው 100 ብር በመጀመሪያው ወር 80 ብር ያህል ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛለታል። የመጀመሪያው የወሰደው በርሱ ኪሳራ ተጠቅሟል ማለት ነው፥ ማንም ማንንም ሳያታልል። በባንክ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰውም ወለዱ ከግሽበቱ ካነሰ ዕጣው እንዲሁ ነው። ስለዚህም ነው ሰው ሁሉ ብር ከመያዝ ይልቅ ቆርቆሮ፥ ብሎኬት፥ እህል፥ በግ ገዝቶ ለማስቀመጥ የሚሽቀዳደመው፤ ይህም መሽቀዳደም ራሱ ዋጋውን እንደገና ይሰቅለዋል።

ስለ ቤት ኪራይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል አከራዮች አሉና። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በተወረሱ ጊዜ ብዙዎቹ በቀበሌ እጅ ገብተው ኪራያቸው በጥቂት ብር ተወስኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ኖረ። በዚህ ምክንያት በጉለሌ ባንድ ግቢ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ጎረቤቶች፥ አንደኛው በቀበሌ ቤት ሁለተኛው በግል ቤት ተከራይተው ቢኖሩ፥ ገቢያቸው እኩል ሆኖ ሳለ ኑሮአቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የግል ኪራይን ለማሰናዳት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወጥቷል። በዚህ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ውሉ እንዲመዘገብ፥ ጭማሪውም ባለሥልጣኑ በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ታዟል። አከራዩ ሁሉ ጨካኝ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ አንዲት ክፍል አከራይታ በርሷ ብቻ የምትተዳደር ባልቴት ለርሷም ጤፍ ተወዶባታል። ነገር ግን ከአዋጁ ውጭ በቃል እየተስማሙ፥ ውሉ ላይ አነስተኛ ቁጥር እየጻፉ ሌላውን በእጅ መቀበል ተከራዩንም መንግሥትንም የሚጎዳ ስለ ሆነ መተው አለበት።

ደመወዝን በሚመለከት መንግሥት ያደረገው ነገር አለ። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፥ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያም ግብር የማይከፈልበት ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። የቀን ሠራተኛው፥ የቤት ሠራተኛዋ፥ ጭራሮ ተሸካሚዋ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ በግል ሥራ ላይ ላሉት በአገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን አልተደነገገም።

ዋጋ በተወደደ ጊዜ የሹም ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳብ «ዋጋውን እንወስን» የሚል ነው። ይህ ሐሳብ በአገራችን ተደጋግሞ ስለ ተፈተነ ውጤቱን ማስታወስ ይጠቅማል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ባንድ ጊዜ በተጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው፥ ነገሩም ከሌላው ብሶት ጋራ ተጋጥሞ የዘውዱን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ፤ የዋጋ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። ከ1968 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ደግሞ አራሹ ከምርቱ የተወሰነ ኮታ መንግሥት በወሰነው ዋጋ እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበረ፤ እህሉም በቀበሌ ሱቅ ለከተማው ይታደል ነበረ። የከተማው ሰው በርካሽ ማግኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን የተወሰነው ዋጋ ከገበያው እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ፥ አንዳንዱ አራሽ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበረ፤ ብዙ ለማምረትም ምክንያት አጣ። ይህ ሥርዐት በ1982 ዓ.ም. ቀረ። በ2003 ዓ.ም. አጋማሽም በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተወስኖ ነበረ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ እየጠፋ ስለ ሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ዋጋ መጻፍ ቀላል ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው።

የወረዳ አስተዳዳሪ ደግሞ «እህል ቢወደድ የኔ አራሽ ይጠቀማል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ብዙ ትርፍ ምርት ያለው፥ ጎተራውም የማይነቅዝበት ሰው ይጠቀማል። ብዙው ባላገር ግን መሬቱ ካንድ ሄክታር የማያልፍ ነው። በታኅሣሥና በጥር የማዳበሪያ ዕዳውን፥ የመሬት ግብሩን፥ የልጁን ሰርግ ለመክፈል ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚሸጥ በርካሽ ይሸጣል፤ በሰኔና በሐምሌ ጎተራው ባዶ ሲሆን ከነጋዴ በውድ መልሶ ይሸምታል። ስለዚህ ያ አራሽ ራሱ እንደ ሸጎሌው ሰው እህል ገዢ ነው። ለዘይት፥ ለሳሙና፥ ለጨው፥ ለጫማ፥ ለማዳበሪያ የሚከፍለውም ከእህሉ ዋጋ በበለጠ ፍጥነት ሲወጣ፥ ውድ ሸጦ የደኸየ ሰው ይሆናል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በጥር ወር እህሉን ተቀብሎ ለዕዳው የሚበቃውን ገንዘብ ቢሰጠውና የቀረውን በመጋዘን ቢያቆይለት፥ አራሹ በሚያዝያ ወይም በግንቦት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ለከተማውም በክረምት የሚላክ እህል ይተርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደረቅ መጋዘን፥ የታመነ ሚዛንና ማዳበሪያ በጊዜው መድረሱ ነው። በሰኔ መድረስ የነበረበት ማዳበሪያ በነሐሴ ከደረሰ፥ የጎደለው ምርት በሚቀጥለው ዓመት በእህል በረንዳ ዋጋ ሆኖ ይታያል።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ በእናንተ እጅ ያለውን ነገር እንናገራለን፤ ይኸውም የኬላ ነገር ነው። ከምዕራብ ጎጃም ወይም ከሌላ አውድማ ተነሥቶ 100 ኩንታል ጤፍ የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በመንገዱ ዐሥር ስፍራ ቢቆምና በያንዳንዱ 2,000 ብር ቢከፍል፥ በጠቅላላ 20,000 ብር ይሆናል፤ ይኸውም ለኩንታሉ 200 ብር፥ ለኪሎው 2 ብር ማለት ነው። ነጋዴው ይህን ከኪሱ አይከፍለውም፤ ግማሹን ከአራሹ ዋጋ ይቀንሰዋል፥ ግማሹን በሸማቹ ላይ ይጨምረዋል። በደረሰኝ የሚከፈለው የታወቀ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሚከፈለው ግን ለወረዳውም ለክልሉም ሣጥን ሳይገባ የሚቀር ነው። መኪናው ሦስት ቀን ቢታገድ የሚጨመረው የሾፌሩ አበልና የነዳጁ ሒሳብ ሌላ ነው፤ ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ሊትሩ 100 ብር አልፏልና።

አንዳንድ ወረዳ ደግሞ «እህል ከአገራችን አይውጣ፥ ዋጋው እንዲረክስልን» ብሎ ጭነት ያግዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋው በእርግጥ ይወርዳል። ነጋዴው ግን ወደዚያ ገበያ መምጣት ይተዋል፤ አራሹም በረከሰው ዋጋ ላለመሸጥ እህሉን ይሸሽጋል፤ ገበያው ይደርቃል፤ ጎረቤቱም ወረዳ በበኩሉ ሽንኩርቱን፥ ጨዉን፥ በርበሬውን ያግዳል። በሸጎሌ ጤፍ ይወደዳል፥ በዚያ ወረዳም ሌላው ሁሉ ይወደዳል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር በየዓመቱ መደገሙ የሚያሳዝን ነው። ወረዳው ለራሱ ችግረኞች ማሰቡ የተገባ ነው፤ ለዚህ ግን የሚሻለው መንገድ በመከር ጊዜ በገበያ ዋጋ ጥቂት ገዝቶ ለክረምት ማስቀመጥ እንጂ መንገድ መዝጋት አይደለም። ፀጥታ ለማስከበር መፈተሽ የሚያስፈልግበት ስፍራ ቢኖር፥ ፍተሻው ባንድ ስፍራ ተደርጎ ለመኪናው የማለፊያ ወረቀት ቢሰጠው በሚቀጥለው ኬላ እንደገና ጭነቱ አይበረበርም።

ከተማውም በበኩሉ የደላላውን እጅ ለማሳጠር የእሑድ ገበያና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን እያስፋፋ ነው። እነዚህ የሚጠቅሙት ከወረዳ በቀጥታ የሚላክላቸው ሲኖር ብቻ ነው፤ ድንኳኑ ተተክሎ የሚሸጠው ከዚያው ከእህል በረንዳና ከአትክልት ገበያ የመጣ ከሆነ ስሙ እንጂ ዋጋው አይለወጥም። ስለዚህ ትርፍ ያላቸው ወረዳዎች ማኅበሮቻቸውን ከክፍለ ከተማ ማኅበራት ጋራ በውል ቢያገናኙ፥ በውሉም ላይ የእህሉ ዓይነት፥ የኩንታሉ ክብደት፥ የማጓጓዣው ከፋይና የክፍያው ቀን ተለይቶ ቢጻፍ ይበጃል። የክፍያው ቀን መጻፉ ተራ ነገር አይምሰላችሁ፤ ዋጋ በየወሩ በሚወጣበት ዘመን ሦስት ወር የዘገየ ክፍያ ለአራሹ የተቀነሰ ክፍያ ነው።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በየሳምንቱ የገበያ ዋጋ ሲመዘግብ «ጤፍ ይህን ያህል» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። ማኛው፥ ነጩ፥ ሠርገኛውና ቀዩ ለየብቻ ይጻፍ፤ ዋጋው በጣሳ ወይም በቁና ቢሆን ወደ ኪሎ ይመለስ፤ አራሹ የተቀበለውና ቸርቻሪው የሸጠበት በሁለት ዐምድ ይለይ፤ የገበያው ቀንና ሰዓትም ይጨመር፤ በማለዳ አራሹ ሲሸጥና ከቀትር በኋላ ነጋዴው ሲሸጥ ዋጋው አንድ አይደለምና። በዚያ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ፥ ዝናም ጥሎ ወይም የዓመት በዓል ዋዜማ ሆኖ እንደ ነበረ በኅዳጉ ይመልከት።